በድሮ ልክ የተሰፋ ነጭ ቀሚስ

መስከረም 21 ቀን

ለተወደድሽው እህቴ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ እትዬ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ፣ ዓይኗስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ቃል ለወጉ ብዬ ሳይሆን እውነት ሆኖልኝ ስጽፈው የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ፖስታ ሲደርስሽ ሞታ ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሞቼ ነበር ብል ግን ውሸት አይሆንም። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪም እንዳልመስልሽ፣ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ምድር ቤት ነው የምንውለው፤ እንፋሎቱ ፀጉር ያረጥባል። የታጠበውን አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን ስለማያጥፈው ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እየተቀራረብን እናጥፋለን። የኔ ጓደኛ ረጅሟ የምንላት ሴት ናት። አንድ ቀን ጫፉን ልትሰጠኝ ስትጠጋ፣ «ሽታሽን አውቀዋለሁ፣ እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት» አለችኝ። የመጠጡን ነው። አልተቆጣችም፣ አልመከረችኝም። እሑድ ከጎማ መጠገኛ በላይ ወዳለ አዳራሽ ይዛኝ ሄደች።

እትዬ፣ ጌታን ተቀብያለሁ። መጠጡንም፣ ያን ኑሮም፣ አብሮኝ የነበረውንም ሰውዬ ትቻለሁ። አሮጌው ነገር አልፎልኛል። ብርዱ ሲያልፍ እጠመቃለሁ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ገንዘብ አይደለም። የምጠመቅበትን ነጭ ቀሚስ አንቺ ስፊልኝ። ከሱቅ የተገዛ አለ፣ ግን ካንቺ እጅ የወጣ ልብስ ለብሼ መግባት እፈልጋለሁ።

ሌላም ልመና አለኝ። ከእንግዲህ ንፋስ አትበይኝ። ያ ስም የዚያችኛዋ ነው።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ለእህቴ፣ ለአንሶላ አጣቢዋ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ላንተ ምን ይሳንሃል የምንለው ጌታ ይክበር ይመስገን፣ እኛ ከእግር እስከ ራስ ደህና ነን፤ ከእማማ ዓይንና ከኔ ወገብ በቀር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የተማሪ ዩኒፎርም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስቆርጥ ነው። መቀሴን አስቀምጬ ለእማማ አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? በየጠዋቱ ብብቷን ደግፌ የማነሳት ሴትዮ ብቻዋን ብድግ አለች። ግድግዳውን እየዳሰሰች እስከ ጎረቤት በር ድረስ ሄዳ፣ ልጄ ተወለደች፣ ልጄ ተወለደች ትላለች። ጎረቤታችን አንቺ የወለድሽ መስሏት፣ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀች። እማማ በዚያ ዕድሜዋ እንደ ልጅ ሳቀች። እኔ እንዲህ ያሳቅኳት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞክሬ ተውኩት።

መጋቢያችን ደግሞ እሑድ መድረክ ላይ አውጥቶ ደብዳቤሽን አስነበበኝ። ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ አላየሽውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔ የሰፋሁት ነው። እሱ ፊት ለፊት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ የማያለቅሰው ሒሳብ ሹሙ እንኳን መነጽሩን አወለቀ። ሳበቃ መጋቢያችን የራስሽንም ምስክርነት ጨምሪልን አለኝ። ምን ልጨምር? ትናንት ልብስ ሰፋሁ፣ ዛሬም ሰፋሁ፣ በሕይወት ካለሁ ነገም እሰፋለሁ ልበል? ደህና ዋሉ ብዬ ወረድኩ። ደስ ብሎኛል እኮ፣ ያልተደሰትኩ እንዳይመስልሽ።

ቀሚሱን እሰፋለሁ። ሌላ ማን ሊሰፋልሽ ኖሯል? ስሙን በተመለከተ እሞክራለሁ፤ አፍ ግን ለምዷል። አንቺን ንፋስ፣ እኔን መርፌ ያለችን እማማ ናት። የኔን እስከ ዛሬ አውልቂው ያለኝ ሰው የለም።

አምላክ በቤቱ ያጽናሽ።

እህትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 27 ቀን

ለተወደድሽው እትዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽን ለረጅሟ አነበብኩላት፤ በጎረቤታችን ሳቀች፣ በእማዬ ደግሞ አለቀሰች።

ልኬን ልኬልሻለሁ። ሜትር ስላጣሁ ሲባጎ ገመድ ነው የተጠቀምኩት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ትከሻዬ ነው፣ ሁለተኛው የደረቴ ዙሪያ፣ የመጨረሻው ቁመቱ። ያን ጊዜ እንደነበርኩ አይደለሁም እትዬ፤ ወፍሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ልቤ ውስጥ የከረመ ጉዳይ ልንገርሽ። በምሠራበት ሆስፒታል ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ። የእማዬን ነገር ሳጫውተው፣ አምጫትና ልያት፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ይበራል አለኝ። ጉዳዩን ለማኅበራችን ነገርኩ፤ ለመምጫዋ እንረዳሻለን ብለዋል። ክፍሌ ትንሽ ናት፣ ግን መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው። አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አደርግላታለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ይውላል። እዚህ መጥታ ከኔ ጋር ትኑር። አንቺ ብዙ ደክመሻል። አሁን ደግሞ እረፊ።

እማዬን ጠይቂልኝና የምትለውን ጻፊልኝ። ጥዬያችሁ የሄድኩባትን ቀን ከጌታ ጋር ተነጋግሬበታለሁ። ካንቺም ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ፣ ግን በወረቀት እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም።

እህትሽ


ጥር 30 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሥራ በዝቶብኝ መልሱ ዘገየ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዘማሪዎቹ ልብስ፣ የሁሉም ነገር እጅጌ እኔ ላይ ነው።

ገመድሽ ደርሶኛል። ሳቅኩ። እህቴ፣ ራሱን የሚለካ ሰው ትክክል ለክቶ አያውቅም፤ አንገቱን ሲያጎነብስ ትከሻው ይሰፋል፣ ሲባጎ ደግሞ ይለጠጣል። በዚያ ገመድ ብሰፋልሽ ድንኳን ለብሰሽ ነበር የምትጠመቂው። ያንቺን ልክ ገመድ አይነግረኝም። ከመጀመሪያው የትምህርት ቤት ልብስሽ ጀምሮ ሳለብስሽ የኖርኩ ነኝ፤ ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እናገረዋለሁ። በማውቀው ልክ ሰፍቼልሻለሁ። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ውሃ ሲነካው ገላ አያሳይም። ወደዚያ ለምትመጣው ነጋዴ ሰጥቻታለሁ።

እረፊ ላልሽኝ፣ ደከመኝ ያልኩሽ መቼ ነው?

እማማ ደህና ናት።

ልብስ ሰፊዋ


የካቲት 24 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ቀሚሱ እስካሁን አልደረሰም፤ ነጋዴዋ መንገድ ላይ ቆይታ ይሆናል። ስለ ልፋትሽ ጌታ ይክፈልሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የእማዬን መልስ ፈለግሁ፣ የለም። ጠይቀሻታል? ሐኪሙም ጠየቀኝ፣ ረጅሟም በየእሑዱ ትጠይቀኛለች። እማማ ደህና ናት የምትለው ቃል ለብቻዋ ተቀምጣለች። አንቺን አውቅሻለሁ፤ ተደስተሽ ከሆነ ሦስት ገጽ ትጽፊያለሽ።

ቅር ያለሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። በዝምታሽ አትቅጪኝ።

እህትሽ


መጋቢት 17 ቀን

ንፋስ፣

ዛሬ ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከጻፍኩት ውሸት ይሆንብኛል።

ንገሪኝ ብለሻልና ልንገርሽ። ያንን ደብዳቤሽን ለእማማ ሳነብላት የሐኪሙን፣ የመስኮቱን፣ የመምጣቷን ነገር ዘልዬዋለሁ። ከገመዱ ቀጥታ ወደ መሰነባበቻው ሄድኩ። አታይም ብዬ ነው። የዘነጋሁት ነገር ግን ጆሮ እንዳላት ነው። አንቺ ስትጨነቂ እኔ እዚህ በሰላም የምተኛ እንዳይመስልሽ። ያለፈው ሳምንት ጠዋት፣ ፀጉሯን ሳበጥርላት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «መርፌ፣ የዚያን ቀን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለበጥሽው። ያነበብሽልኝ ግን የአንዱን ገጽ ነው። ዛሬ የቀረውን አንብቢልኝ።»

አበጠሪያውን አስቀምጬ አነበብኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

ስጨርስ ያልተበጠረ ፀጉሯን በእጇ ሰበሰበች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መሄድ እፈልጋለሁ አለች። የልጄን ፊት ማየት እፈልጋለሁ አለች። እህቴ፣ የኔንም ፊት እኮ ካየችው ዘመን ሆኗታል። ፊቷ ቆሜ የምውለው እኔ ነኝ፣ የኔን ለማየት ዓይኗ ይብራልኝ ብላ ጸልያ አታውቅም። አጠገቧ ያለሁትን ሴትዮ እንደ ወንበሯ ታውቀኛለች፤ ትዳስሰኛለች፣ ትደገፈኛለች፣ አለሁ።

አንቺ ጠፋሽ፣ ተፈለግሽ፣ ተገኘሽ። ሰው ሁሉ አለቀሰልሽ። እኔ አንድም ቀን አልጠፋሁም። ያልጠፋን ሰው ማን ወጥቶ ይፈልገዋል? ወጣት ሳለሁ ተጠመቅሁ፤ ዝናብ ስለነበር ሰዉ ቶሎ ቶሎ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኔም ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላው የሚጠመቅበትን ልብስ እሰፋለሁ። የጎረቤት ሰው ሲያየኝ የሚጠይቀኝ፣ እህትሽ እንዴት ናት ብሎ ነው። ባለፈው አንዷ ደንበኛዬ ልብስ ልትለካ መጥታ፣ መታደል እኮ ነው፣ ያቺ ልጅ የቤታችሁ በረከት ሆነች አለችኝ። ስፒሉን ጨርቁ ላይ ልሰካ እኔኑ ወጋኝ።

አሮጌው ነገር አልፏል ትይኛለሽ። ላንቺ አለፈ። እኔጋ ያለውስ የት ይሂድ? ሳትሰናበቺ የሄድሽ ጊዜ እማማ ያለቀሰችበትን ትራስ ያጠብኩት እኔ ነኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ናት ስትለኝ፣ አይደለችም ያልኳት እኔ ነኝ። ያንቺ ኃጢአት ሲሰረዝ የኔ ልፋትም አብሮ ተሰረዘ ማለት ነው? አሁን ደግሞ አዲስ ሰው ሆነሽ መጣሽና፣ አዲስ ሰው ዕዳ የለበትም፣ እናቴን ስጪኝ፣ አንቺ እረፊ ትይኛለሽ። የማርፈው ምን ይዤ ነው? ጠዋት ስነሳ የማንን ብብት ልደግፍ?

ይኸው ነው። ቅናት ነው ብትይኝ አልክድም። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ውስጥ መኖሩን ሳውቅ እኔም ደነገጥኩ።

እንግዲህ ሰላምታው። ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጌታ ይጠብቅሽ። ይህንን ጨክኜ ላስቀረው አልቻልኩም።

መርፌ


ሚያዝያ 23 ቀን

ለእትዬ፣ ለእህቴ፣

የሰላም አምላክ አብሮሽ ይሁን። የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። እውነት ነው። ስለዚህ የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

ቀሚስሽ የደረሰኝ በጥምቀቴ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ልለብሰው አወጣሁት። ነጭነቱ፣ የአንገቱ አሠራር፣ ሁሉም ያንቺ። በራሴ አጥልቄ ሳወርደው ትከሻዬ ላይ ቆመ። በግድ ጎትቼ አወረድኩት፤ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺን ቀጭን ልጅ አስታውሰሽ ለእሷ ሰፍተሽላታል።

ረጅሟ ተዪውና ከማኅበሩ ልብስ አንዱን ልበሺ አለችኝ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። ሆን ብላ ነው አልኩ። ወደ ድሮዬ ልትመልሰኝ ነው፣ አዲስ ሰው መሆኔን አልቀበልም ማለቷ ነው አልኩ። ያ የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ልቤ ላይ ነበረ። አጣጥፌ ልወረውረው ገለበጥኩት።

እትዬ፣ በጎንና በጎኑ ሦስት ጣት የሚሞላ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ትተሻል። በትከሻው አለ። በታችኛው ጠርዝም አለ። ረጅሟ በእጇ እየዳሰሰችው፣ «ይህን የሰፋችው ሴት እንደምትወፍሪ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ነግሬያት አላመነችኝም» አልኳት። «ግን ቦታ ትታልኛለች።»

ስፌት መፍታት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አትጎትቺ፣ ጨርቁ ያለቅሳል፣ ክሩን ዘለል ዘለል እያደረግሽ ቁረጪው ትይኝ ነበር። እንደዚያው አደረግን። እንደ አንሶላው ፊት ለፊት ተቀምጠን እሷ አንዱን ጎን፣ እኔ ሌላውን ፈታን። ከዚያ በእጄ መልሼ ሰፋሁት። ስፌቴን ብታዪው ትስቂ ነበር፤ ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። ሰው አዳራሹ ውስጥ እየዘመረ ሲጠብቀን ቆየ። ስወጣ ልክ ሆኖልኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልጠፋም። የድሮው ስፌት መስመር። የመርፌሽ ቀዳዳዎች በሁለት ጎኔ ተደርድረው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ውሃው ውስጥ ስወርድ መጀመሪያ ያቀዘቀዘኝ በነሱ በኩል የገባው ነው። አሮጌው አልፏል ብዬ ስጽፍልሽ የጠፋ፣ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም፤ እዚያው ጎኔ ላይ ነው። ብቻ ከእንግዲህ አይጠበኝም። የእማዬ ትራስም፣ በር ሲንኳኳ ያልሻትም፣ እዚያ መስመር ውስጥ አሉ። አሁን አይቻቸዋለሁ።

እማዬን የምወስዳት አንቺ ትሂድ ካልሽ ብቻ ነው። ሐኪሙንም አስታውቄዋለሁ። ብትይ አመሰግንሻለሁ፤ ባትይም ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ፣ ስወድሽም እኖራለሁ።

ንፋስ ማለትም ከፈለግሽ በይኝ። አሁን አይከፋኝም።

እህትሽ


ግንቦት 18 ቀን

ለእህቴ፣ ለነፍሴ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ እንዳለን አለን፤ ክብሩ ለወደደን ይሁን። ሰላምታውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ።

ደብዳቤሽን ለእማማ አነበብኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ስለኔ ያለውንም ጭምር። ወረቀቱን ስገለብጥ እያሰማሁ ነው የገለበጥኩት።

የዚያን ጨርቅ ነገር ልንገርሽ። ሆን ብዬ አይደለም። በማውቀው ልክ ስቆርጥ ልቤ እሳት ነበር፤ ገመድሽን ጠረጴዛው ሥር ጥዬው ነበር። የሠራው እጄ ነው። ለደንበኛ አንድ ጣት ነው የምተወው፤ ጨርቅ ውድ ነው፣ ለመንገደኛ ማን ያባክናል? ሦስት ጣት የምተወው ገና ለሚያድግ ልጅ ብቻ ነው። እንግዲህ እኔ ልቤን ስሰማ፣ እጄ ለማን እንደሚሰፋ ያውቅ ኖሯል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ይህንን እጄን ለብዙ ጊዜ አየሁት። ፊቴን አላየም ያልኩት ጌታ እጄን ሲያይ የከረመ መሰለኝ።

በማግስቱ ለእማማ የመንገድ ልብስ ልሰፋ ጨርቅ ዘረጋሁ። እንደ ልማዴ በማውቀው ልክ ልቆርጥ መቀሱን አነሳሁና፣ ተይ አልኩ። ሜትሬን አንስቼ አቆምኳትና ለካኋት። እህቴ፣ ያቺ ትልቅ ሴት የለችም። ትከሻዋ የልጅ ትከሻ ሆኗል። በየቀኑ የማለብሳት እኔ፣ የማነሳት እኔ፣ አላየሁም ነበር፤ ሁሌ በድሮው ልኳ ነው የምሰፋላት። ልብሱ ሁሉ ሰፊ እንደሆነብሽ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኳት።

«ብነግርሽ ታለቅሺ ነበር» አለችኝ። «ስፌትሽ ጎድሏል ማለትም አልፈለግኩም።»

ከዚያ እጇን ዘርግታ ሜትሩን ከእጄ ወሰደች። እኔን ልትለካ ነው። በዕድሜዬ የኔን ልክ የወሰደ ሰው የለም፤ ልብስ ሰፊ ራሷን በዓይኗ ትገምታለች እንጂ። ወገቤ ላይ አዙራ፣ ጫፉን በጣቷ እየዳበሰች፣ መቼ ነው እንዲህ የወፈርሽው አለችኝ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ፊቴን ዳሰሰችው። ግንባሬን፣ ከንፈሬን፣ ከዓይኔ ሥር ያለውን ሁሉ። ቀስ ብላ። 

ትምጣ። ትሂድ ብያለሁ። መጋቢያችን ሲሰማ በዚህ ነገር መድረክ ላይ ወጥተሽ መስክሪ አለኝ። ቅናቴ ሞቷል ብዬ አልመሰክርም አልኩት፤ ስላልሞተ። ትናንትም ሻንጣዋን ሳስተካክል ቆንጠጥ አድርጎኛል። ብቻ ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚያነበው እሱ አይደለም።

ሁለት ነገር አደራ። ሻንጣው ጥግ ላይ በጨርቅ የጠቀለልኩት የኔ ፎቶ አለ። ዓይኗ ሲበራ መጀመሪያ ያንቺን ፊት ትይ፣ ስትጠብቀው የኖረችው እሱን ነው። ቀጥሎ የኔን አሳያት። ብዙ እንዳታቆያት።

ሁለተኛው ልብሷ ነው። በአዲሱ ልኳ ልክክ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ በጎንና በጎኑ ግን ሦስት ሦስት ጣት ትቼበታለሁ። ያንቺ ፀሐይ ተስማምቷት፣ ያንቺ ምግብ ተስማምቷት ካንቺ ዘንድ የወፈረች እንደሆነ እቀናለሁ፤ ከአሁኑ ልንገርሽ። አንቺ ግን የት ጋ እንደሚፈታ ታውቂያለሽ።

እህትሽ፣ መርፌ